ባዶው ሰልባትዮ

ፒል፣ አይል ኦፍ ማን ደሴት
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1968

ለተከበሩ አጎቴ ለኦሪ ክሌግ፣

የእናቴን ወንድም በሰው አገር ያኖረልኝ ጌታ ስሙ ይክበር። እዚያ አውስትራሊያ አሁን አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ባርኔጣዎን ረስተው እንዳይወጡ በልቤ እቆጣዎታለሁ። እኛ ጋ ባሕሩ ከገና ወዲህ እንደተቆጣ ነው። ጀልባዎቹ ከወደቡ አልወጡም፤ ዓሣ ማጠኛው ቤትም ሥራው ቀዝቅዟል።

ይህን የምጽፈው እኔ ብሪሻ ልሁን እንጂ ጉዳዩ የባሌ የፊንሎ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር የሞተር ሳይክል ውድድሩ ላይ ከወደቀ ወዲህ ቀኝ እጁ ከአንጓው ደክሞ ብዕር አይጨብጥለትም። ጭኑ ግን ገጥሞለታል፤ ምርኩዙን ጥሎ እያነከሰም ቢሆን ሥራ ገብቷል። አሁን ከኋላዬ ቆሞ ያልኩሽን ብቻ ጻፊ እያለ ያዘኛል።

ፊንሎ የሚለው እንዲህ ነው። ወደዚያ ሲሄዱ የተዉለት ሞተር ሳይክል ሻሲው ተቃንቷል፤ ኢንጅኑም ታድሷል። የቀረው የቤንዚን መያዣው፣ ሰልባትዮው ነው። በግራ በኩል መሪው የወጋው ስርጉድ አለ፤ ክብ ነው፣ ጡጫ ያስገባል። በቀኝ ጉልበቱ ያረፈበት ደግሞ ሰፊ ነው፤ ጥልቀት የለውም። ከላይ፣ ከክዳኑ አጠገብ፣ እንደታጠፈ ወረቀት ስለታም ሆኖ የገባ መስመር አለ። ቀዳዳ አላየበትም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ያውጣው? በስቱኮ ሞልቶ ቢቀባውስ? እዚህ ላይ፣ ስቱኮ የምትለዋን ሰርዢ፣ አጎትሽ ይረግመኛል አለኝ። አልሰረዝኩም።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ፒል ውስጥ የተጎዳ ቆርቆሮ የሚያቃና የረባ ባቲላሜራ የለም፤ ያለው ሁሉ መዶሻውን ይዞ ይመጣና የባሰ አጨራምቶት ይሄዳል ይላል። ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልገው ለመጪው ሴፕቴምበር ይደርስለት እንደሆነ ነው። ለሴፕቴምበር የምትለዋን አጉልተሽ ጻፊ ብሎኛል። ጽፌያለሁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ
ብሪሻ


አደሌድ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1968

ለልጄ ለብሪሻና ለዚያ አንካሳ ባሏ፣

ሰላም ከቤታችሁ አይውጣ፤ ዓሣም ከመረባችሁ አይጥፋ። አስቀድሜ የምሥራቹን ልንገራችሁ፦ ሰልባትዮው ይድናል። ለሴፕቴምበርም ይደርሳል።

አሁን ፊንሎ፣ ወንበር ስበህ ተቀመጥና ሚስትህ ታንብብልህ። መዶሻህንም ወዲያ አድርገው። የመጀመሪያው ሥራ ውሃ ነው። የፈላ ውሃ በማጠቢያ ሶዳ አድርገህ ደጋግመህ እጠበው፤ አፍንጫህ ቤንዚን አጣሁ እስኪልህ ድረስ። ከዚያ አፍንጫህን አትመነው። ቤንዚን ቢያልቅም ትንፋሹ ብረቱ ውስጥ፣ በብየዳው ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሙሉ ሰልባትዮ እሳት ቢነካው ይነዳል፤ ሰው ሮጦ ያመልጣል። ባዶው ግን ይፈነዳል። ስለዚህ ውሃ እስከ አንገቱ ሳትሞላ እሳት የሚባል ነገር አጠገቡ አታድርስ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢለት፣ ብሪሻ።

ሁለቱን ስርጉዶች ያለ እሳት ታወጣቸዋለህ። ጫፉ እንደ እንቁላል የደበለበለ ጠማማ የብረት በትር ሥራ። በክዳኑ ቀዳዳ አስገብተህ ከውስጥ ትገፋለህ። መሐሉን እንዳትነካ፤ ከጠርዙ ጀምረህ ዙሪያውን እየዞርክ በትንሽ በትንሹ ግፋ። ዓይንህን ጨፍነህ በመዳፍህ ዳብሰው፤ ዓይን ይዋሻል፣ መዳፍ አይዋሽም። ከቸኮልክ ብረቱ ይለጠጥና እንደ ጣሳ ክዳን ገባ ወጣ እያለ ሲያሾፍብህ ይኖራል። ያ ስለታም መስመር የመጨረሻ ነው። ሰልባትዮውን ውሃ ሞልተህ፣ በጋለ ብረት ስታኞ፣ የመበየጃውን እርሳስ፣ አቅልጠህ ስስ አድርገህ ታለብሰዋለህ። ስቱኮ ከፀጉር የወፈረ ካደረግክበት በእርግጥም እረግምሃለሁ። ከዚያ በሳሙና ውሃ ማፍሰስ አለማፍሰሱን አይተህ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፤ ከዚያ ያሻህን ቀለም።

ብሪሻ፣ ስለ ባልሽ ጭንና አንጓ ጻፍሽልኝ፤ ስለ ራስሽ ግን አንድ ቃል የለም። እንዴት ነሽ?

አጎትሽ ኦሪ


ፒል
ማርች 3 ቀን 1968

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እድሜዎ ይርዘም፤ ክፉ ከደጅዎ ይራቅ። ይህን ደብዳቤ ፊንሎ አያውቀውም። እሱ ጸሎት ቤት የወንበር እግር ሊጠግን ሄዷል፤ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀርቻለሁ።

የላኩት እሱ ሥራ ላይ ሳለ ደርሶኛል። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አይቼ፣ ይድናል የሚለውንና ሴፕቴምበር የሚለውን፣ አጠፍኩት። የቀረውን ለማንበብ ዓይኔ እንቢ አለኝ። ለፊንሎም አልሰጠሁትም። ጣሪያው ሥር ሸሽጌዋለሁ፤ ያቺ እዚህ ደሴት ላይ ስሟ የማይጠራ፣ ድመት የሚያሳድዳት ባለ ረጅም ጭራ ካልበላችው እዚያው አለ። እሱ ፖስታ አመላላሿን ወይዘሮ ኪውሊን በየቀኑ በር ላይ ይጠብቃታል። ከአውስትራሊያ የለም ስትለው፣ አጎትሽ ሸምግሏል ይለኛል።

እንዴት ነሽ ብለው ነበር፤ ያቺን ከታች በኩል አይቻታለሁ። እነግርዎታለሁ። የወደቀ ዕለት ባላፍ መንደር፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከእሱ በፊት የተነሳው አለፈ። ከእሱ በኋላ የተነሳውም አለፈ። የእሱ ቦታ ባዶ ሆኖ አለፈ። ከዚያ ባንዲራ ያዡ ሰውዬ ሲሮጥ አየሁ። መንገዱ ለውድድር ተዘግቷልና መሻገር አልችልም፤ ባሌ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ወድቆ እኔ ከወዲህ ቆሜ ቀረሁ። ሞቷል አለችኝ አንዲት ሴት፤ ክፉ ልትሆን አይደለም፣ መስሏት ነው። እስከ ማታ ድረስ እኔ መበለት ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሞተር በሩቅ ከሰማሁ በእጄ ያለውን ሁሉ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ዓሣ መሰንጠቂያ ቢላዋ ይዤ ሰምቼ መዳፌን ቆረጥኩት። ለፊንሎ አዳልጦኝ ነው አልኩት።

አጎቴ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። አይድንም ብለው ይጻፉለት። ሐኪሙ አትንዳ ቢለው አልሰማም፤ ሰባኪያችን ቢመክሩት ሳቀ። እርስዎ ሰልባትዮው ሞቷል ካሉት ግን ያምናል። ሌላ እንደሱ ያለ ደሴቲቱ ላይ አይገኝም። ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ልጅዎ ብሪሻ


አደሌድ
ማርች 26 ቀን 1968

ለፊንሎ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ስለ ሰልባትዮው የጻፍከውን ተመልክቼዋለሁ። ብረቱ ከመጠን በላይ ተለጥጧል። እንዲህ ያለው አይመለስም፤ ቢመለስም እየነዳህ ሳለ ተሰንጥቆ ጭንህ ላይ ቤንዚን ያፈስብሃል። ሞቷል በለውና ተወው። ሞተር ሳይክሉንም ለሚፈልግ ብትሰጠው አልቀየምህም።

ለብሪሻ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ኦሪ ክሌግ


ፒል
ኤፕሪል 9 ቀን 1968

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ላደረጉልኝ ውለታ ምድርና ሰማይ ይክፈልዎት። ደብዳቤውን እኔው አነበብኩለት። የእርስዎ ድምፅ አልነበረበትም፤ እያነበብኩ ከሰው ቤት የሰረቅኩት መሰለኝ። ፊንሎ ጨርሶ ሰማና እንደገና አንብቢልኝ አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ወደቡ ዳር ሲንጎራደድ ዋለ።

ለጥቂት ቀን እህል በአፉ አልዞረም፤ ዓሣው ሳይነካ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። አሁን ግን ደስ ይበልዎት፣ ተሽሎታል። ትናንትና ሳቀ። የሞተ ነገር ደግሞ አይሞትም፣ እንግዲህ ምን አባቱን አበላሻለሁ ብዬ እፈራለሁ አለኝ። ሐሳቡ ከሥሩ በእሳት ቆርጦ ከፍቶ፣ ስርጉዱን ከውስጥ በመዶሻ አውጥቶ፣ መልሶ ሊበይደው ነው። በሰልቢ መንገድ ያለው ጋራዥ መበየጃውን ሊያውሰው ቃል ገብቶለታል፤ ባለቤቱ ከፋሲካ በኋላ ከእንግሊዝ ሲመለስ ይወስዳል። በጓሯችን ባለችው መጋዘን ይሠራዋል።

እኔም ልተወው ብያለሁ። እንደማይሆንለት እርስዎ ብለዋል፤ ይሞክርና ልቡ ይረፍ። ደግሞ ምን ይመጣል? ከሴፕቴምበር ወዲህ አንድ ጠብታ ያልገባበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ደረቅ ቆርቆሮ ነው። ሽታው እንኳ ጠፍቷል።

መዳፌ ድኗል። ዓምና የጻፉልኝ ያ ሳልዎ እንዴት ሆነ?

ልጅዎ ብሪሻ


ቴሌግራም
አደሌድ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1968

ፊንሎ ኪሳክ፣ ፒል፣ አይል ኦፍ ማን ደሴት

እሳት አይንካው። ባዶው ይፈነዳል። ውሃ ሙሉት። ዋሽቻለሁ፣ ይድናል። ኦሪ


አደሌድ
ኤፕሪል 18 ቀን 1968

ብሪሻ፣

ሰላምታ የምደረድርበት ጊዜ አይደለም። ቴሌግራሙን ልኬ አሁን መመለሴ ነው። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ፋሲካ ደግሞ ካለፈ ቀናት ሆኖታል። ሰውዬው ከእንግሊዝ ተመልሷል ማለት ነው። ፊንሎ መበየጃውን ወስዷል ማለት ነው።

ስልክ ልደውልላችሁ ሞከርኩ። የእናንተ ቤት ስልክ የለም፤ ወደቡ ዳር ያለውን መጠጥ ቤት አገናኙኝ አልኩ። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ አንድ ሰው አነሳ። ሂድና ለፊንሎ ኪሳክ እሳት አይንካው ብለህ ንገረው አልኩት። በመስመሩ ውስጥ ባሕር ይጮሃል። ሰውዬው እሺ፣ እሺ ብሎ ዘጋው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሰማ አላውቅም። ከሳቁ የሰከረ መሰለኝ።

ወጣት ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ ጁዋን የሚባል ሰው ነበር፤ ከእኔ የበለጠ እጅ ነበረው። አንድ የትራክተር ሰልባትዮ መጣለት። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ክፍቱን የከረመ ነበር። እጄን አስገብቼ ዳብሻለሁ፣ እንደ አጥንት ደርቋል አለኝ። እኔ ምስማር ላመጣ ወጣሁ። ድምፁን ሰምቼ ስመለስ የመጋዘኑ ጣሪያ አልነበረም። ስለ ጁዋን አልጽፍልሽም።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፌላችሁ ነበር። አንቺ እንዳላነበብሽው ነግረሽኛል፤ እኔም ሞቷል ካልኩት አይነካውም ብዬ ማስጠንቀቂያውን ተውኩት። ሰው የሞተ ነገር ላይ እንደሚደፍር መች አሰብኩ። ጣሪያው ሥር ያለውን ደብዳቤ አውርጂና ስጪው። አሁኑኑ ስጪው።

ይህ እስኪደርስሽ የሆነው ሁሉ ሆኖ እንደሚቆይ አውቃለሁ። ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

ኦሪ


አደሌድ
ኤፕሪል 26 ቀን 1968

ብሪሻ፣

ፖስተኛው አልፎ ሄደ። ለእኔ የለም። በቴሌግራም መልሱልኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እናንተም አላሰባችሁትም፤ ወይም የሚያስብ አልቀረም።

ማታ ማታ ራዲዮ አልከፍትም። በር የተንኳኳ እንደሆነ እንዳልሰማ እፈራለሁ። ከተንኳኳም እፈራለሁ። የሚያከራዩኝ ሴትዮ፣ አቶ ክሌግ ምን ሆነዋል ይሉኛል። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? በደብዳቤ ሰው ገድዬ ይሆናል ልበል?

አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ።

ኦሪ


ፒል
ኤፕሪል 21 ቀን 1968

አጎቴ፣

በሕይወት አለን። ከሁሉ በፊት ይህን ያንብቡ። ፊንሎም እኔም አለን፤ አንድ ጣት እንኳ አልጎደለብንም። ቴሌግራም መላክ እንደነበረብኝ አሁን ስጽፍ ገና ትዝ አለኝ፤ ዛሬ እሁድ ነው፣ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው፤ ነገ ቢከፈትም እስከ ደመወዝ ቀን የቴሌግራም ገንዘብ የለንም። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ሳስበው አዞረኝ።

የሆነውን ልንገርዎት። ዓርብ ዕለት እኔ ዓሣ ቤት ነበርኩ። ፊንሎ ከምሳ በኋላ መጋዘን ገብቶ ሰልባትዮውን ገልብጦ በሞርሳ አጣብቆታል። መበየጃውን ለኩሶ፣ ነበልባሉን አቅጥኖ፣ ወደ ብረቱ ሲያስጠጋ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ኪውሊ ናት፤ ቴሌግራም ይዛለች። የቤቱን በር አንኳኩታ ሰው ስታጣ ጓሮ ድረስ ዞራ መጣች።

እዚህ አገር ቴሌግራም መርዶ እንደሆነ ያውቃሉ። ፊንሎ እርስዎ የሞቱ መሰለው። መርዶ እሳት እያነደዱ አይነበብም ብሎ መበየጃውን አጠፋ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ያዳነው ይህ ነው አጎቴ፤ ሌላ ምንም አይደለም። እሳት አይንካው የሚለውን ወረቀት የከፈተው እሳቱን ካጠፋ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ይዞ እያነከሰ ዓሣ ቤት መጣ። ሴቶቹ ፊቱን ሲያዩ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። በእጁ ጠራኝና ወደ ወደቡ ግንብ ወጣን።

«አጎትሽ ዋሽቻለሁ ይላል» አለኝ። «ኦሪ ክሌግ ለምን ይዋሸኛል?»

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁት» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠና እጆቹን አየ። ነበልባሉን ይህችን ያህል አስጠግቼው ነበር አለና በጣቶቹ ለካልኝ። ትንሽ ናት። ቢላዋ የማታስገባ ናት።

«በመንገድ እንዳልሞትብሽ ብለሽ» አለኝ፣ «ጓሮሽ ልሞት ነበር።»

ቤት ስንገባ ደብዳቤዎን ከጣሪያው ሥር አውርጄ ሰጠሁት። ራሱ አነበበው፤ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ጊዜ አንብቢለት የሚለውን ጭምር። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ይህን ያህል ፈርተሽ እንደነበር ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። ብነግርህ ትተወው ነበር? አልኩት። አልተወውም ነበር አለ።

ሰልባትዮው ጓሮ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። በዚያ በኩል ሳልፍ በሩቁ እዞራለሁ።

ልጅዎ ብሪሻ


ፒል
ጁላይ 14 ቀን 1968

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ያን የጭንቅ ሳምንት ያሻገረን አምላክ አሁንም አይለየን። ሳልዎ መሻሉን ሰምተን ደስ ብሎናል።

ሰልባትዮው አለቀ። የሠራነው ሁለታችን ነን። የፊንሎ አንጓ በትሩን ሊገፋ አልቻለም፤ ትንሽ ሲጫነው ይብረከረካል። መጀመሪያ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ጓጉቼ ሳይሆን፣ ሲያቅተው ማየት አስጠልቶኝ፣ ና ስጠኝ አልኩት። እሱ ሰልባትዮውን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያቅፋል፤ እኔ በክዳኑ ቀዳዳ በትሩን አስገብቼ እገፋለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከውጭ ይዳብሳል። ጠርዙ ላይ፣ ብሪሻ፣ ጠርዙ ላይ፣ መሐሉን አትንኪ ሲለኝ ይውላል። ሰፊው በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ክቡ ግን እልኸኛ ነበር። አንድ ቀን ድንገት ጧ ብሎ ወጣ፤ ሁለታችንም ወደ ኋላ ዘለልን። ለካ ሁለታችንም ሌላ ድምፅ ስንጠብቅ ነበር።

ስታኞ የሚደረግበት ቀን ሲደርስ ፊንሎ ከመጋዘን ውጪ አለኝ። አልወጣም አልኩት። ውሃውን እስከ አንገቱ ሞልተን፣ ብረቱን ምድጃ ላይ አግለን፣ እሱ በግራ እጁ አቀለጠው፤ እኔ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ቆምኩ። ምንም አልሆነም። ጥቁር ቀባነው፤ በጎኑ ቀጭን የወርቅ መስመር። ስርጉዱ የነበረበትን ቦታ እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

አሁን የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ትናንት ሞተር ሳይክሉ ላይ ካሰረው በኋላ፣ ወደ ውድድሩ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ አንቺ በይ አለኝ። ያልሽውን እሆናለሁ፤ አላኮርፍም፤ ከእንግዲህ በጀርባዬ ደብዳቤ እንድትጽፊ አልፈልግም አለ። አጎቴ፣ ይህ ከፊተኛው ፍርሃት ይብሳል። ሂድ ብዬው ቢሞት እኔ ገደልኩት። ቅር ብዬው በየቀኑ ወደቡ ዳር ሲንጎራደድ ባየው ያም ሞት ነው። ምን ልበለው? እርስዎ ያሉኝን እላለሁ።

ልጅዎ ብሪሻ


አደሌድ
ጁላይ 24 ቀን 1968

ለልጄ ለብሪሻ፣

እጅሽን ጌታ ይባርከው። ክቡ ስርጉድ ጧ ብሎ ወጣ ስትይኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመን ሆነኝ።

የጠየቅሽኝን አልመልስልሽም። አንድ ጊዜ በአንቺ ምትክ መልሼለት የሆነውን አይተናል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስንት ጊዜ የዚያን መጋዘን በር በሕልሜ ከፍቼ እንደገባሁ አልነግርሽም። ሂድ አትበይው ልልሽም፣ ሂድ በይው ልልሽም አልችልም።

የምልሽ ይህን ብቻ ነው። ለእኔ የጻፍሽውን፣ ከመንገዱ ወዲህ ቆመሽ እስከ ማታ መበለት የሆንሽበትን፣ ለእሱ ነግረሽዋል? ካልነገርሽው ንገሪው። ከዚያ እሱም ይንገርሽ። የወደቀው እሱ ነው፤ እሱ ምን እንደሚሰማው ማንኛችንም አልጠየቅነውም።

የሚሆነውን በቴሌግራም አሳውቂኝ። ደብዳቤ መጠበቅ አቅቶኛል።

አጎትሽ ኦሪ


ፒል
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1968

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ለሌሊትዎ እንቅልፍ፣ ለቀንዎ ሰላም ይስጥልኝ። ቴሌግራሜ ደርሶዎታል፤ ‹ደህና ነን› ከሚለው ሌላ የሚበቃ ቃል አላገኘሁም ነበር። የቀረውን እነሆ።

እንዳሉኝ ነገርኩት። ግንቡን፣ ባንዲራ ያዡን፣ ሞቷል ያለችኝን ሴት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ አንተስ ብዬ ጠየቅኩት። አስፋልቱ ወደ ፊቱ ሲመጣ በየሌሊቱ እንደሚያይ፣ እኔ እንዳልነቃ አንሶላውን ነክሶ እንደሚተኛ ነገረኝ። ታዲያ ለምን ትሄዳለህ አልኩት። ካልሄድኩ እስከ ዕለተ ሞቴ እዚያችው ቦታ እየወደቅኩ የምኖር ይመስለኛል አለኝ። ስለዚህ ሂድም ቅርም አላልኩትም። እፈራለሁ፣ ግንቡ ላይ እቀመጣለሁ አልኩት።

በውድድሩ ዕለት እዚያው ባላፍ ከድልድዩ ማዶ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ዙር አለፈ። ዘግይቶ ነበር፤ ከኋላው የተነሱት ቀድመውታል፤ ግን አለፈ። በሁለተኛው ዙር ድምፁን ከሩቅ ለየሁት። ድልድዩን ዘሎ አረፈ፤ ከዚያ እጁን ሲያነሳ አየሁ፤ ከመንገዱ እኔ ወዳለሁበት ዳር ወጣ። ወደቀ ብዬ ሳልጮህ አልቀረሁም። አልወደቀም። ሞተሩን ራሱ አጠፋው።

ባንዲራ ያዡ ሮጦ ምን ተበላሸ ቢለው፣ ምንም አለው። ሞተር ሳይክሉን ሣሩ ላይ አስደግፎ፣ እያነከሰ መጣና ግንቡን ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰልባትዮው አፈሰሰ?» አልኩት። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«ጠብታ አላፈሰሰም» አለኝ። መነጽሩን አወለቀ። «ያችን ቦታ ሳልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ብሪሻ። በዚያ ፍጥነት ዓይኔን ጨፈንኩ።»

መንገዱ እስኪከፈት ወደ ቤት መሄጃ የለም። እዚያው ዋልን። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ሻይ ከፔርሙሳቸው ቀዱልን፤ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ፊንሎ የሚያልፉትን በስማቸው ይጠራልኝ ጀመር፤ ማን ማርሽ እንደዘገየበት፣ ማን በደንብ እንደዞረ። ለመጪው ዓመት ምን እንደሚል አላውቅም። አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሳም።

አንድ ሞተር ሳይክል በመጣ ቁጥር የሻይ ኩባያዬን ግንቡ ላይ አስቀምጥ ነበር፤ እሱ እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ። እንዳያይብኝ ብዬ መልሼ ላነሳው ስል ወደ እሱ ዞርኩ። የእሱም ኩባያ ግንቡ ላይ ነበር።

ልጅዎ ብሪሻ